ኮምፕሬሰር ለቤት ጋራዥ፦ ደጋ ላይ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይተከላል፣ እንዴት ይጓጓዛል

ግቢው ውስጥ መኪና የሚጠግን፣ እንጨት የሚሠራ ወይም ቀለም የሚረጭ ሰው ውሎ አድሮ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያጠራቅም ማሽን፣ መፈለጉ አይቀርም። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ይህ ግዢ አንድ ተጨማሪ ስሌት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። ፒስተኑ ያው ይመላለሳል፣ ቆጣሪውም ያው ይቆጥራል፤ ታንከሩ ውስጥ የሚገባው አየር ግን ያንሳል። «የገዛሁት ዕቃ አልረባም» የሚሉ ሰዎችን እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ዕቃው ደህና ነው። ሲገዛ ደጋው አልታሰበም።

ሥራችሁን ሳትለዩ ሱቅ አትግቡ

ጎማ ለመንፋት፣ የአየር ፊልትሮ ለማራገፍና አቧራ ለማጽዳት ብቻ ከሆነ ባለ 24 ወይም ባለ 50 ሊትሩ ይበቃችኋል። በአየር የሚሠራ የጎማ ቡሎን መፍቻ ከጨመራችሁ መሣሪያው በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ደግነቱ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ በየመሀሉ ታንከሩ ይሞላል። ከባዱ ቀለም መርጨት ነው። የመኪና ቀለም መርጫ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ ከ200 እስከ 400 ሊትር ይፈልጋል፤ ያውም ሳያቋርጥ። የበሩ ግማሽ ላይ ስትደርሱ አየሩ ከደከመ ቀለሙ ነጠብጣብ ይሆናል። ከዚያ ተፍቆ እንደገና መጀመር ነው።

በታንከር ትልቅነት አትሸወዱ። ታንከር ያጠራቅማል እንጂ አየር አይሠራም። አየሩን የሚያመጣው ፓምፑ ነው። ደካማ ፓምፕ ትልቅ ታንከር ላይ ከተጫነ፣ ያጠራቀመው አንዴ ካለቀ በኋላ እስኪሞላ ስትጠብቁ ትውላላችሁ።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥርም እንዳለ አትመኑ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ፒስተኑ ይስባል ተብሎ የተሰላው ነው። በቱቦው የሚወጣው ከዚያ ሲሶ ያህል ያንሳል። ከቀሪው ላይ ደጋው ሌላ 30 በመቶ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ «200 ሊትር በደቂቃ» የሚል ኮምፕሬሰር ደብረ ብርሃን ላይ 90 ሊትር ገደማ ቢሰጣችሁ አይግረማችሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በከፍታው ምክንያት የሚቀነሰው 15 በመቶ ያህል ነው። አንዱ ዕቃ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲሠራ ጉልበቱ የጨመረ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከዓይነቶቹ እኔ የምመክረው ባለ ቺንጋውን፣ ማለትም ሞተሩ ፓምፑን በላስቲክ ቀበቶ የሚያዞረውን ነው። ሞተሩ ከፓምፑ ጋር በቀጥታ የተገጠመው ዋጋውም ክብደቱም ቀለል ይላል። ግን ፓምፑ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ጩኸቱ ያደነቁራል፣ ቶሎም ይግላል። ባለ ቺንጋው ፓምፑን ረጋ አድርጎ ያዞራል። ደጋ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሳሳ አየር ማሽንን በደንብ አያቀዘቅዝም። የተለመዱት የኤሌክትሪክ ሞተሮችም የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ዘይት የማይፈልገው ዓይነት አልፎ አልፎ ጎማ ለሚነፋ ሰው ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ግን አልመክረውም።

ሱቁ ውስጥ ሰዓት ያዙ

ይቺ ሙከራ ከሻጩ ወሬ ሁሉ ትበልጣለች። ኮምፕሬሰሩን አስነሡት፤ መውጫውን ዝጉ። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 6 ባር ሲደርስ የስልካችሁን ሰዓት አስጀምሩ፣ 8 ባር ሲደርስ አቁሙ። የታንከሩን ሊትር በ2 አባዙና በፈጀው ደቂቃ አካፍሉ። ታንከሩ 100 ሊትር ሆኖ 2 ደቂቃ ከፈጀ፣ 100 በ2 ሲባዛ 200፣ ለ2 ሲካፈል 100 ነው። ማሽኑ በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ደቂቃ ተኩል ብቻ ከፈጀ 133 ይደርሳል። 8 ባር ሳይሞላ የሚቆም ከሆነ ከ5 እስከ 7 ለኩ፤ ስሌቱ ያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሞከራችሁ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ጥቂት እንደሚቀንስ ያዙ። ውጤቱን ከምትገዙት መሣሪያ ፍላጎት ጋር አስተያዩት።

ሞልቶ ሲቆም ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ሞተሩ እንደቆመ አጭር «ፒስስ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ፓምፑና ታንከሩ መሀል ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ የቀረው አየር ሲወጣ ነው። ይህ አየር ካልወጣ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ከታፈነ አየር ጋር ይታገላል፤ ያቃስታል፣ መጨረሻ ላይ ካፓሲተሩ ወይም ሞተሩ ራሱ ይቃጠላል። ድምፁ ከሌለ ሌላ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ የታንከሩን ሆድ እዩ። ዝገት የሚጀምረው ከውስጥ በኩል፣ ውሃ ከሚተኛበት ከታች ነው። የተበየደ ወይም በፑቲ የተሸፈነ ቦታ ካያችሁ ተዉት፤ ዋጋው ቢወርድም ተዉት። 8 ባር ማለት በየካሬ ሴንቲሜትሩ ላይ 8 ኪሎ ያህል ግፊት ነው። የሳሳ ብረት ይህን ሳይችል ሲቀር ይፈነዳል። ሰው ይገድላል። ከውጭ ዘመድ የላከው ከሆነ ደግሞ የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 110 ቮልት የሚል ከሆነ እንዳትሰኩት።

ቦታውና መብራቱ

ወለሉ ደልዳላ ይሁን። ሲሚንቶ ከሌለ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ በደንብ ተቀብሮ ይሠራል። ከእግሮቹ ሥር ካረጀ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ አድርጉ፤ ንዝረቱን ይውጣል። ቺንጋው የሚዞርበት የፓምፑ መንኮራኩር ያለበትን ጎን ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር አርቁት፤ ነፋሱን የሚስበው በዚያ በኩል ነው። ቀለም የምትረጩበት ወይም እንጨት የምትፈገፍጉበት ጥግ አጠገብ አታስቀምጡት። አቧራውን ስቦ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ የቀለም ትነት ደግሞ ከሞተሩ ብልጭታ ጋር እሳት ነው። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምትጋሩ ከሆነ በሌላው በኩል ትከሉት፤ የማታ ሥራም ይቅር።

መብራቱን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ እናንተ ግን ምን እንደምትጠይቁ እወቁ። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር 1.5 ኪሎዋት ነው፤ ሲሠራ 10 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ለቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ኤርዝ ይኑረው። ለባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ ለባለ 3 የፈረስ ጉልበት ወይም ጋራዡ ከቤቱ ራቅ ካለ ባለ 4 ካሬ ይዘርጋ። በቀጭን ማከፋፈያ አታስነሡት። ገመድ ከማርዘም የአየር ቱቦውን ማርዘም ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ምጣድ ተጥዶ እንጀራ እየተጋገረ ኮምፕሬሰር አታስነሡ። ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። ቮልቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ «እምምም» እያለ ሳይዞር ይቆማል። ያን ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው አጥፉት፤ ሴኮንዶች ናቸው የሚያቃጥሉት። መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን ዝጉ። አለዚያ ሌሊት ሲመጣ ብቻውን ይነሳል።

መጀመሪያ ሲነሳ

አዲስ ማሽን ዘይቱ ውስጡ ላይኖር ይችላል። በፓምፑ የዘይት ማያ መስኮት ላይ ያለው ቀይ ነጥብ መሀል እስኪደርስ የኮምፕሬሰር ዘይት ሙሉ። ድፍኑን የማጓጓዣ ክዳን አውልቃችሁ አየር የሚያስተነፍሰውን ክዳን ግጠሙ። ቺንጋውን መሀሉ ላይ በጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚያ ከታች ያለውን የውሃ መውጫ ክፍት አድርጋችሁ ግፊት ሳይጠራቀም ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩት። ቀጥሎ ዝጉትና ይሙላ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ዘይቱ ጠዋት ጠዋት ይወፍራል። ሞተሩ ለመነሳት ከከበደው መውጫውን ከፍታችሁ አስነሡት፣ ሲሞቅ ዝጉት። መመሪያው ለቅዝቃዜ ቀጠን ያለ ዘይት ከፈቀደ እሱን ቀይሩ።

በግድግዳ ላይ ቧንቧ የምትዘረጉ ከሆነ ነጩን የፒቪሲ ቧንቧ ለአየር አትጠቀሙ። ውሃ ይችላል፤ የታመቀ አየር ሲሰብረው ግን ስብርባሪው እንደ ጥይት ይበተናል። ጋልቫናይዝድ ብረት ወይም መዳብ አድርጉ። በየሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ዘቅዝቁት፣ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ይውረድ፣ ጫፉ ላይ መክፈቻ ግጠሙ። ከኮምፕሬሰሩ እስከ ቧንቧው የመጀመሪያውን ክንድ ያህል በላስቲክ ቱቦ አገናኙ፤ ንዝረቱ መገጣጠሚያውን እንዳያላላው።

የዕለቱ ሥራ አጭር ናት። ስትጨርሱ ማሽኑን አጥፉ፣ ጌጁ 2 ባር ገደማ እስኪደርስ አየሩን አስተንፍሱ፣ ከዚያ ከታንከሩ ሥር ያለውን መክፈቻ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ቀጥሎ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይወጣል። በመጨረሻ ደረቅ አየር ብቻ ሲሆን ዝጉ። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ውሃው ይበዛል። አንድ ቀን የተዋችሁት እንደሆነ ታንከሩ ውስጥ ያድራል፤ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። በወር አንዴ ደግሞ ታንከሩ አየር እያለው፣ ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣውን የሴፍቲ ቫልቭ ቀለበት ሳብ አድርጉ፤ አየር ካልወጣ ማሽኑን አቁሙና ቫልቩን ቀይሩ። የግፊት መቁረጫውን ዊንት አጥብቆ «ትንሽ ከፍ ላድርገው» የሚል ባለሙያ ከመጣ እንዳይነካው።

ሲጓጓዝ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ነው፤ መንገዱ ዘና ያደርጋል። ችግሩ ጭነቱ ነው። ባለ 100 ሊትሩ ባለ ቺንጋ 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ክብደቱ ሁሉ ደግሞ ላይ፣ በሞተሩና በፓምፑ በኩል ነው። ስለዚህ መታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ቅርብ ነው።

መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ። አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ጌጁ ዜሮ ላይ ቢሆንም የታችኛውን መክፈቻ ክፍት ተዉት። ስታነሱ ታንከሩን ወይም እጀታውን ያዙ። ጌጁን፣ ሬጉሌተሩን፣ የመዳብ ቱቦዋን የያዘ ሰው ካለ አስቁሙት፤ ቱቦዋ ከታጠፈች ማሽኑ አየር አይሞላም። ሁለት ሰው በጎማዎቹ እየገፋ፣ ሳንቃ ላይ አድርጎ አይሱዙ ላይ ያውጣው። ጭነቱ ላይ እንደቆመ በአራት አቅጣጫ በገመድ እሰሩት። ገመዱ በታንከሩ እግሮች ይለፍ፣ በፓምፑ ላይ አይለፍ። በጎኑ ማስተኛት የለም፤ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ግዴታ ሆኖ ከተኛ ዘይቱን ቀድማችሁ አፍስሱት። ከተማ ውስጥ በጋሪ ስታጓጉዙም እንዲሁ ነው፤ ፈረሱ ሲደነግጥ የሚይዘው ገመዱ ብቻ ነው።

ሲደርስ ወዲያው አይነሳ። አቁሙት፣ ዘይቱ ይውረድ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በተለይ ጠጠር መንገድ ካለፈ ዳዶዎቹን በመፍቻ አንድ በአንድ ዳስሱ፣ የፓምፑንና የሞተሩን መቀመጫ አትርሱ። ቺንጋው ከመንኮራኩሩ ቀጥታ መሆኑን በአንድ ዓይን ጨፍናችሁ እዩ። ከዚያ አስነሥታችሁ ሙሉት፣ ስፒናውን ንቀሉና ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጋችሁ መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ ቀቡ። የሚኩረፈረፍ ካለ አየሩን አስወጡ፣ ፍቱት፣ ቴፍሎን ጠምጥማችሁ መልሱ።