ፍላሽ ላይ የጻፍከው ተበላሽቶ ሲነበብ

ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ፕሮግራምህ የመሣሪያውን ሴቲንግ ኖር ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ የሜሞሪ ቺፕ) ላይ ይጽፋል። ራይት ያለምንም ስህተት ይመለሳል። መልሰህ ስታነበው ግን ዝብርቅርቁ የወጣ ነገር ይመጣል። የሚያናድደው ደግሞ የመጀመሪያ ቀን በትክክል ሠርቶ ነበር።

እኔ በዚህ ጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ ቺፑን ስጠረጥር ከርሜአለሁ። ቺፑ ምንም አልሆነም።

ፍላሽ ሲጻፍበት 1ን ወደ 0 ብቻ ነው የሚቀይረው። 0ን ወደ 1 ለመመለስ ያለበትን ኢሬዝ ብሎክ (በአንድ ላይ ብቻ የሚጠፋ የፍላሹ ክፍል) በሙሉ ማጥፋት ግድ ነው። 1100 ባለበት ቦታ 1010 ብትጽፍ የምታነበው 1000 ነው። አዲስ ፍላሽ ላይ ሁሉም ቢት 1 ስለሆነ የመጀመሪያ ቀን ይሸውድሃል። ተራ ፋይል ላይ ስትጽፍ ይህን ጣጣ ፋይል ሲስተሙ ይችልልሃል። የኤምቲዲን (ሊኑክስ ፍላሽን የሚያስተዳድርበት ክፍል) ካራክተር ዲቫይስ፣ ማለትም ፍላሹን በጥሬው የሚያሳየውን ፋይል፣ በቀጥታ ስትከፍት ግን ማጥፋቱ ያንተ ሥራ ነው።

እንግዲህ ፕሮክ ስር ያለውን የኤምቲዲ ፋይል በካት ክፈት። የእያንዳንዱ ፓርቲሽን መጠን፣ የኢሬዝ ብሎኩ መጠንና ስሙ ይወጣል። ቁጥሩ ሄክስ (በ16 መሠረት የተጻፈ) ነው፤ 00010000 ማለት 64 ኪሎባይት ነው፣ አሥር ሺህ ብለህ እንዳታነበው። ከዚያ ብሎኩን በሙሉ ራም ላይ አንብብ። የፈለግከውን ባይት እዚያው ቀይር። ሜምኢሬዝ በሚባለው አይኦክትል (ለዲቫይስ የሚሰጥ ልዩ ትእዛዝ) ብሎኩን አጥፋ፣ በኤልሲክ ወደ መነሻው ተመለስና ጻፍ። መልሰህ አንብበህ አመሳክር።

ማጥፋቱ «ኢንቫሊድ አርጉመንት» ካለህ መነሻው ወይም ርዝመቱ የኢሬዝ ብሎኩ ብዜት አይደለም። ሩት ሆነህ ኦፕን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደግሞ በቼሞድ አትድከም። ብዙ ጊዜ ፓርቲሽኑ ዲቫይስ ትሪ (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚዘረዝር ፋይል) ላይ ሪድ ኦንሊ ተብሎ ነው። ቡትሎደሩ (መሣሪያውን የሚያስነሳው ፕሮግራም) እዚያ ካለ እንኳንም ተዘጋ! ቺፑ ራሱ ከተቆለፈ መክፈቻው ሜምአንሎክ ነው።

ፍላሽህ ኖር ሳይሆን ናንድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሌላ ዓለም ነው፤ በገጽ ልክ መጻፍና የተበላሹ ብሎኮችን መዝለል አለ። ለዚያ የተበላሹ ብሎኮችን የሚያስተዳድርልህን የሊኑክስ ክፍል፣ ዩቢአይን ተጠቀም።

«ለምን ፍላሹን እንደ ዲስክ በሚያሳየው በኤምቲዲብሎክ አልገላገልም?» ትል ይሆናል። እውነት ነው፣ እሱ ራሱ አጥፍቶ ይጽፍልሃል። ግን በማጥፋትና በመጻፍ መካከል መብራት ከሄደ 64 ኪሎባይቱ በሙሉ ድራሹ ይጠፋል። ከላይ ያልኩት መንገድም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ሁለት ብሎክ ያዝና እያፈራረቅክ ጻፍ፤ እያንዳንዱ ላይ ተራ ቁጥርና ቼክሰም (ዳታው አለመበላሸቱን ማረጋገጫ ቁጥር) አብረህ አስቀምጥ። መሣሪያው ሲነሳ ቼክሰማቸው ልክ ከሆነው ውስጥ ተራ ቁጥሩ የሚበልጠውን ይውሰድ።