ሥር የሌለውን በሽታ ከሥሩ መንቀል

የምሠራው ጎንደር ነው፤ ቁስል ማጠቢያ ክፍል። ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ታማሚውን ለአንድ ሰዓት ያህል ያየዋል። እኔ ግን አንዳንዴ ሁለት ወር ሙሉ አየዋለሁ። ስለዚህ ስለ ፒሎናይዳል ሳይነስ የምጽፈው ከቢላው ሳይሆን ከጎዙ (ከቁስል ጨርቁ) ወገን ሆኜ ነው።

በሽታው ይሄ ነው፦ ከጭራ አጥንት ከፍ ብሎ፣ የመቀመጫው ስንጥቅ መሃል ላይ፣ ጸጉር ቆዳ ወግቶ ይገባል። እዚያው ይቀራል፤ ይመግላል፤ መውጫ ቀዳዳ ያበጃል። የሚበዛው ወጣት ወንዶች ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች «የጂፕ በሽታ» ይሉት ነበር፤ መኪና ላይ ሲንገጫገጩ የሚውሉ ወታደሮችን ስላስቸገረ። የኛን ከተማ ኮብልስቶን ቢያዩ «የባጃጅ በሽታ» ባሉት ነበር። ታማሚዎችም እኛ ባለሙያዎችም የምንሳሳተው እነዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም ኪንታሮት ማለት። በኛ አገር እዚያ አካባቢ ያበጠ ነገር ሁሉ ኪንታሮት ነው። ኪንታሮት ፊንጢጣ ላይ ነው፤ ይሄ ከዚያ በላይ፣ ወደ ጀርባ ነው። «የኪንታሮት መድኃኒት» ተብሎ የተሸጠለትን ቅጠል ለጥፎ ቆዳው የተላጠ ልጅ አጥቤያለሁ። ሳይነሱን ሳንነካ መጀመሪያ ቃጠሎውን ማዳን ነበረብን።

አሞክሲሲሊን እየዋጡ መጠበቅ። መግል የቋጠረ ብጉንጅ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት። አለቀ።

«ከሥሩ ነቅላችሁ አውጡልኝ» ማለት። ሆዴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። «ሲስተር፣ ዶክተሩ ከሥሩ እንዲያወጣው ንገሪልኝ» ያላለኝ ታማሚ ጥቂት ነው። ወንድሜ፣ ሥር የለውም! አረም አይደለም፤ ዕጢም አይደለም። ያለው ጸጉር ነው፤ ጸጉሩን የሚሰበስብ፣ ላብ የማያደርቅ ጥልቅ ስንጥቅም አለ። ሥጋህን በሰፊው ቆርጠው ቢያወጡልህም ስንጥቁ እዚያው ካለ ጸጉሩ መንገዱን ያውቀዋል።

በሰፊው ተቆርጦ ልክ መሃል ለመሃል የተሰፋ ቁስል የክፍሌ ቋሚ ደንበኛ ነው። ይረጥባል፣ ይመግላል፣ ክሩን በጥሶ ይከፈታል። በፈረንጆች 2010 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም መሰፋት ካለበት ከመሃል መስመር ወጣ ብሎ ይሰፋ ነው ያለው። የግሪኩ ሐኪም የካሪዳኪስ ዘዴና ሊምበርግ የሚባለው የቆዳ ማዞር ሥራ ይህንኑ ያደርጋሉ፦ ስፌቱን ወደ ጎን ያወጡታል፤ ስንጥቁም ጥልቀቱ ይቀንሳል። ጠባሳቸው ትልቅ ነው፤ ቦታውም ሊደነዝዝ ይችላል። ብዙ ቀዳዳ ላለውና ደጋግሞ ለተመለሰበት ሰው ግን ያዋጣሉ። ከመግባትህ በፊት «ስፌቱ የት ነው የሚያርፈው?» ብለህ ጠይቅ። ይህን ጠይቆ የገባ ታማሚ ብዙ አላየሁም።

ትንሹን ኦፕራሲዮን መናቅ። ቀዳዳዎቹን ብቻ ለቅሞ ማውጣት የሚባል ዘዴ አለ። እንደ ምስር ለቀማ አስቡት። የሚያስፈልገው የማደንዘዣ መርፌና ትንሽ ቢላ ነው፤ ውስጡ ያለው ጸጉር ይጠረጋል፤ ሰውየው በእግሩ ቤቱ ይሄዳል። ትንሹ ሥራ በሌዘር፣ በቀጭን ካሜራና ፌኖል በሚባል ኬሚካልም ይሠራል። ከፒያሳ ማራኪ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ «ይሄማ ቀልድ ነው፣ ትልቁን ሥሩልኝ» አለ። ተቆርጦ ክፍት ተተወለት። ከዚያ ሁለት ወር መቀመጥ አቃተው፤ ባጃጁን ሌላ ሰው ነዳበት። የሱ ቀዳዳ ሁለት ብቻ ነበር፤ ያመመውም ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የእህቴ ልጅ ቢሆን በትንሹ ነበር የማስጀምረው።

ትንሹን ተአምር ማድረግ። ደግሞ በተቃራኒው። ህመሙ ትንሽ ነው፤ ወደ ሥራ መመለሱ ፈጣን ነው፤ እውነት ነው። በሽታው የመመለስ ዕድሉ ግን ከጎን ስፌቶቹ ይበልጣል። ፌስቡክ ላይ «በሌዘር ዳንኩ» ያለውን ልጅ ስንት ወር እንደሆነው ጠይቁት። ይሄ በሽታ ከዓመታት በኋላም ይመለሳል፤ የአንዱን ዘዴ የአንድ ዓመት ውጤት ከሌላው የአሥር ዓመት ውጤት ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። በትንሹ ተሠርቶ ቢመለስ ብዙ ሥጋ አልጠፋምና ትልቁ መንገድ አሁንም ክፍት ነው።

ጎዝ መጠቅጠቅ። ይሄኛው የኔ ኃጢአት ነው። ጀማሪ ሳለሁ ክፍት ቁስል ውስጥ ጎዝ እሞላ ነበር፤ የተሻለ የሚድን እየመሰለኝ። ታማሚው ጥርሱን ይነክሳል፤ ቁስሉም አይሞላም። አንዲት አንጋፋ ነርስ ከኋላዬ ቆማ አይታኝ «ልጄ፣ ቁስል ነው የምታጥቢው ወይስ ትራስ ነው የምትሞይው?» አለችኝ። ጎዙ ላላ ብሎ ነው የሚገባው። ቁስሉ ከሥር ወደ ላይ መሙላት አለበት፤ ላዩ ቀድሞ ከገጠመ ታች ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። (ሥር ያለው ቁስሉ ነው እንጂ በሽታው አይደለም፤ ይሄን ቀልድ ታማሚዎቼ ሰልችተውታል።)

ከዳኑ በኋላ ዕድሜ ልክ በምላጭ መላጨት። እኔም ለዓመታት ስመክረው የነበረ ነው። መመለሱን እንደሚያበዛው የሚያሳይ ጥናት አለ። ጸጉሩን በሌዘር ማስወገድ የተሻለ ነው፤ አቅም ካለ።

«ጀርባዬን ያመኛል» ብሎ መመዝገብ። አንድ ተማሪ ዓመት ሙሉ የወገብ ማስታገሻ ሲውጥ ከረመ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የወገብ ህመም ነው። አፍሮ እንጂ ቦታውን ያውቀዋል። እኔ ጋ የመጣው መግሉ ሱሪው ላይ ስለታየ ነበር። በር ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ ወንድ ነርስ የለም?» አለኝ። የለም አልኩት። ጥቂት አመነታና ገብቶ በሆዱ ተኛ። ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ ስናወራ ነው የጨረስነው።