ድምፁ ሲቀነስ “ሽሽሽ”፣ ሲጨመር ጭርጭር የሚል የቤት ስፒከር

ሙዚቃው ሲቀነስ “ሽሽሽ” ይሰማል

ቀን የባጃጁ ጫጫታ ይሸፍነዋል። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ መሽቶ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ግን የመሰንቆው ድምፅ እየሳሳ የሚያልቅበት ቦታ ላይ “ሽሽሽ” ብቻውን ይቀራል። ብዙ ሰው ስፒከሩን ይወቅሳል፤ እኔ አስቀድሜ የማየው የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ነው። ሙዚቃውን የሚልከው ኮምፒውተር 20 በመቶ ላይ ሆኖ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን ለስፒከሩ የሚያጎላው መሣሪያ) እስከ ጥግ ተከፍቶ ከሆነ፣ የደከመው ሙዚቃና ከኮምፒውተሩ መውጫ የሚመጣው ጥቃቅን ድምፅ እኩል ይጎላሉ።

በዲጂታል መንገድ ድምፅ ሲቀነስ የሚያንሱት ቁጥሮች ናቸው፤ በየ6 ዴሲቤሉ (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) አንድ ቢት፣ ማለትም ድምፁ ከተጻፈበት ቁጥር አንድ አሃዝ፣ ገደማ ይሄዳል። 16 ቢት የሚያወጣ መሣሪያ ላይ 24 ዴሲቤል ከተቀነሰ ለሙዚቃው 12 ቢት ያህል ይቀራል።

መፍትሔው፦ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ዝቅ ያድርጉ፤ ይህን የዘለለ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ 100 በመቶ ያድርሱና ድምፁን በአምፕሊፋየሩ ማዞሪያ ብቻ ይቆጣጠሩ። ማዞሪያ ከሌለው፣ መሣሪያው የሚቀበል ከሆነ በድምፅ ቅንብሩ 24 ቢትን ይምረጡ። “ዲጂታል ቅነሳ ሙዚቃ ይገድላል” የሚለው ወሬ በ24 ቢት ላይ አይሠራም፤ የሚጠፋው ነገር ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው።

ድምፁ ሲጨመር ይሻክራል፣ ጭርጭር ይላል

ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ያለፈ ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ይወጣል። ቪኤልሲን የመሰለ ማጫወቻ ከ100 በመቶ በላይ ያሳልፋል፤ ቤዙን በኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ በሚያስተካክለው) መጨመርም ያው ነው። እንዲህ የተቆረጠውን አምፕሊፋየሩን ዝቅ ማድረግ አያድነውም። ማጫወቻውን ወደ 100 ይመልሱ፤ ቤዝ ከወደዱም ሌሎቹን ድምፆች ዝቅ በማድረግ ያጉሉት።

የቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፅ አይለውጥም

ብልሽት ላይሆን ይችላል። ብዙ ቴሌቪዥኖች በኦፕቲካል ኬብል የሚልኩት ድምፅ መጠኑ የማይለወጥ ነው። የአምፕሊፋየሩን ሪሞት ይጠቀሙ፤ ወይም ቴሌቪዥኑም አምፕሊፋየሩም ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (“ARC” የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ) ካላቸው በዚያ ያገናኙ።

ማዞሪያው ሲዞር ድምፁ ይዘላል

ያለማቋረጥ የሚሽከረከረው ማዞሪያ ዲጂታል ነው፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ቁጥሩ ከቀነሰ ውስጡ አቧራ ወይም ዝገት ይዟል። በጣና ዳር ያለ ቤት እርጥበት ስለማያጣ ይህ አያስገርምም። ከመብራት ይንቀሉት፤ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ በጥቂቱ ነፍተው ደጋግመው ያዙሩት፤ ሳይደርቅ አይሰኩት። ካልተሻለው ማዞሪያውን ማስለወጥ ነው።