ብዙ ኢሜይል የሚያልፍበትን የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራም ሆነ በባሕር ዳር የአንድ ትልቅ ተቋም የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ በተማሪዎች ምዝገባ ሰሞን ወይም መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመለስ የመልእክቱ ወረፋ በድንገት ሲረዝም ማየቱ አይቀርም። ላኪ ሰርቨሮች ያልደረሰላቸውን መልእክት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ቀን ይዘው ደጋግመው ስለሚሞክሩ፣ የተጠራቀመው ሁሉ መብራቱ እንደመጣ ተከታትሎ ይገባል። ስፓምአሳሲንን የመሰለ፣ ለእያንዳንዱ መልእክት ነጥብ እየሰጠ አይፈለጌውን የሚለይ ማጣሪያ በትክክል መስተካከሉ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው ስህተት፣ ማጣሪያው ዘገየ ሲባል ምክንያቱን ሳይመረምሩ ስፓምዲ (ከበስተጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራው የስፓምአሳሲን ፕሮግራም) በአንድ ጊዜ የሚያሠራቸውን ፕሮሰሶች፣ ማለትም መልእክት የሚመረምሩ ቅጂዎቹን፣ ማብዛት ነው። መነሻ ቁጥሩ 5 ነው፤ ይህ ለትልቅ ተቋም እንደሚያንስ እውነት ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮሰስ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ራም ስለሚይዝ፣ ራሙ አልቆ ሥራው ወደ ዲስክ ከተሻገረ ሰርቨሩ ከቀድሞውም ይብሳል። ስፓምዲ ለእያንዳንዱ መልእክት የወሰደውን ጊዜ በሎጉ (በሥራ መዝገቡ) ላይ ይጽፋል። ጊዜው ረዝሞ ሲፒዩው ግን ሥራ ፈትቶ ከተገኘ፣ ችግሩ የጉልበት ማነስ ሳይሆን ለምሳሌ ከሌላ ሰርቨር መልስ መጠበቅ ነው። ደብዳቤውን የሚቀበለውና የሚያስተላልፈው ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስ፣ ወደ ማጣሪያው በአንድ ጊዜ የሚልከው መልእክት ብዛትም ከፕሮሰሶቹ ቁጥር መብለጥ የለበትም፤ መልእክቱን ለስፓምዲ የሚያቀብለው ስፓምሲ መልስ ካጣ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር፣ መልእክቱን ሳይመረመር ያሳልፈዋል። መብራት በመጣ ማግስት የተጠቃሚዎች ሳጥን በማጭበርበሪያ ደብዳቤ ከተሞላ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው ግን የጉግልን 8.8.8.8 በመሰለ፣ ለማንም ክፍት በሆነ የሕዝብ ዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚተረጉም አገልግሎት) በኩል የተከለከሉ የላኪ አድራሻዎችን ዝርዝር መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ስፓምሃውስ እንዲህ ላለው ጥያቄ 127.255.255.254 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል፤ ትርጉሙም ጥያቄው በሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ስለመጣ አልተስተናገደም ማለት ነው። ፖስትፊክስ የትኛውን ቁጥር እንደሚቀበል ካልተነገረው ይህንኑ እንደ ክስ ቆጥሮ የላኪውን ደብዳቤ ይመልሳል፤ ላኪው የተማሪ ወላጅም ይሁን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ልዩነት አያደርግም። መፍትሔው አንባውንድን የመሰለ፣ ጥያቄውን ለሌላ ሳያስተላልፍ ራሱ መልስ ፈልጎ የሚያስቀምጥ ዲኤንኤስ እዚያው ሰርቨር ላይ መትከልና ተቀባይነት ያላቸውን የመልስ ቁጥሮች ለይቶ መጻፍ ነው። የጥያቄው ብዛት ከነጻው አገልግሎት ገደብ ካለፈ ደግሞ መክፈል ግድ ነው፤ ይህ ወጪ በጀት ሲቀረጽ የሚታሰብ እንጂ የሚታለፍ አይደለም።

ሁሉንም መልእክት እስከ ይዘቱ ድረስ መመርመርም ስህተት ነው። በተቋሙ ለሌለ ተቀባይ የተላከው ገና በር ላይ መመለስ አለበት፤ ፖስትስክሪን የተባለው የፖስትፊክስ በር ጠባቂ ክፍልም ብዙውን የማሽን ላኪ እዚያው ያስቀረዋል።

ቤይዝ የተባለው የስፓምአሳሲን ክፍል ከቀደሙ ደብዳቤዎች የተማራቸውን ቃላት የሚያስቀምጥበትን መዝገብ በተራ ፋይል ማኖር ለጥቂት ተጠቃሚዎች ይበቃል፤ ብዙ ፕሮሰሶች በአንድ ጊዜ ሲጽፉበት ግን አንዱ ሌላው ፋይሉን እስኪለቅለት መጠበቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ስፓምአሳሲን ሬዲስን (መረጃን በራም ላይ የሚይዝ ፈጣን የመረጃ ቋት) ስለሚደግፍ ወደዚያ ማዛወር ይሻላል። በፋይል የሚቀጥል ግን አሮጌ ቃላትን የማጽዳቱን ሥራ ከደብዳቤ ምርመራው ነጥሎ ሌሊት እንዲሠራ ያድርግ።

በመጨረሻም በሌላ አገር የተዘጋጀ ቅንብርን እንዳለ መቅዳት በእኛ ላይ ለየት ያለ ጉዳት አለው። ቴክስትካት የተባለው፣ የደብዳቤውን ቋንቋ የሚለይ የስፓምአሳሲን ተጨማሪ ክፍል ሲከፈት፣ በተፈቀዱት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ከሌለ፣ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ገና ሳያጠፋ የቅጣት ነጥብ ይጨመርበታል፤ መልእክት አይፈለጌ የሚባልበት መነሻ ወሰን 5 ነጥብ ብቻ በመሆኑ አንድ ሁለት ጥቃቅን ምልክቶች ሲታከሉበት ይወድቃል። ቤይዝም ቢሆን 200 ጤናማና 200 አይፈለጌ መልእክት ሳይማር ፍርድ አይሰጥም፤ ስለዚህ ከጤናማዎቹ መካከል ተቋሙ በየዕለቱ የሚጻጻፍባቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች በብዛት እንዲገቡ ማድረግ የአስተዳዳሪው ኃላፊነት ነው።