በሐይቅ ጀልባ፣ በአቡነ ዮሴፍ ቀይ ቀበሮ፦ እንግዶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ደሴ የሚኖር ሰው ሳይፈልግ አስጎብኚ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ዘመድ ይመጣል። "ሐይቅን አሳየን" ይላል። ጉልበት ያለው ደግሞ በላሊበላ በኩል አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥቶ ቀይ ቀበሮ ማየት ያምረዋል። እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። ግን ብዙ ጉዞ ሲበላሽ አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ያበላሸሁትም ራሴ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ላይ መውጣት

ሐይቅ ከተማ፣ ከነሐይቁ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። ቁርስ ይበላል፣ ቡናውን እስከ በረካ ይጠጣል፣ ሐይቅ ሲደርስ ዓሣ ያዛል። ስምንት ሰዓት ሲሆን "በሉ እንግዲህ፣ ጀልባ" ይላል። ያኔ ነፋሱ ተነስቷል።

አንድ ዓመት የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር በአየር የሚነፋ ካያክ ይዞ መጣ። አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ሰማዩን አዩና "ልጄ፣ ዛሬ ይቅርብህ፤ ነገ በጠዋት ና" አሉት። አልሰማቸውም። መሄዱንስ ሄደ፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው። መመለሱ ነው ያቃተው። የሚነፋ ካያክ ቀላል ነው፤ ውሃው ውስጥ ጠለቅ ስለማይል ነፋስ እንደ ላስቲክ ከረጢት ይወስደዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዝፎ እዚያው ነበር። ሽማግሌው በጀልባቸው ሄደው ጎትተው አመጡት። አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ሁኑ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ካያክ ከሆነ ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀበሉት፤ ሲደክማችሁ ወደ መነሻችሁ የሚመልሳችሁ እሱ ነው። መሃል መሃሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን ያዙ። የውሃ ወፎቹም ያሉት ሸምበቆው አጠገብ ነው፤ መሃል ላይ ብዙ የሚታይ ነገር የለም።

ላይፍ ጃኬት መናቅ

ከዳር ቆሞ ላየው ሐይቁ የዋህ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። "መዋኘት እችላለሁ" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የሆቴል ገንዳ ነው። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ። ለሁሉም ካልበቃ በሁለት ዙር ሂዱ። ደግሞ እባካችሁ፣ ሰልፊ ለመነሳት ጀልባ ላይ አትቁሙ።

ዳር ላይ መንቦራጨቅ

ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚባል፣ በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ የሚኖረው ውሃ ዳር፣ ሣርና ሸምበቆ ባለበት በሚገኙ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከእነሱ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ "ጥልቁ ጋ አልሄድም፣ እግሬን ብቻ ነው የማስነክረው" ማለት መፍትሔ አይደለም፤ አደገኛው ዳሩ ነው። የነካው ሰው ቶሎ በፎጣ ይድረቅ። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ "ሐይቅ ገብቼ ነበር" ብላችሁ ንገሩት። መድኃኒት አለው፤ ካልነገራችሁት ግን ታይፎይድ ነው ብሎ ሊያክማችሁ ይችላል።

ገዳሙን ሳይጠይቁ ማቀድ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ቀላል ቦታ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተምረውበታል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። አንድ ጊዜ ሰባት ሆነን ሄደን አራቱ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ተቀምጠው ጠበቁን። እስከ ደሴ ድረስ ማንም አላናገረኝም፤ እውነታቸውን ነው። ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሴቶቹ በዚያ ሰዓት በጀልባ ወፍ ይዩ።

ያዩትን ሁሉ ቀይ ቀበሮ ማለት

አሁን ወደ ደጋው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ በአገሪቱ ሁሉ ያለውም ከ500 በታች ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘመዱ ተኩላ ነው። ብዙ እንግዳ በመንገድ ተራ ቀበሮ ያይና "አየሁ!" ብሎ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። እውነተኛው እግሩ ረዘም፣ አፉ ሹል ያለ ነው። ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ።

ሌላው ስህተት ማሳደድ ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኑር እንጂ የሚያድነው ለብቻው ነው፤ ምግቡም አይጥ ነው። እናንተ ስትሮጡ አይጡ ጉድጓዱ ይገባል፣ ቀበሮው ጾሙን ያድራል፣ እናንተም ጀርባውን ብቻ ታያላችሁ። አስጎብኚው "ቁጭ በሉ" ካለ ቁጭ በሉ። ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ለከተማ ሰው ሞት እንደሆነ አውቃለሁ።

ውሻ ይዞ መሄድማ አይታሰብም። ለእነዚህ እንስሳት ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋቸው ከውሻ የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ጭላዳን ማባረርና ማብላት

ጭላዳ ሣር በል ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ "ሳቀልኝ" የሚል አይጠፋም። አልሳቀም፤ ዞር በል እያለ ነው። ዳቦ ብትሰጡት ነገ የገበሬውን ማሳ ይለምዳል፣ ጣጣው ለገበሬው ይተርፋል።

ደግሞ መንጋውን አትበትኑ። ጎረቤታችን መንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ደጋ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎቹ መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን ታይቷል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። መንጋው አጠገብ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም የማየት ዕድል አለው።

በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ በማግስቱ ጫፉ ላይ ለመቆም የሚጣደፍ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ቀበሮውም ትዝ አይለው። ላሊበላ አንድ ቀን ዕረፉ፣ ተራራው ላይ ደግሞ አንድ ሌሊት እደሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ አንድ ጋቢ አይበቃም። ክረምቱን ተዉት። የበልጉ ዝናብም ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ያለፈው ወር ወሬ አያገለግልም።

በቅሎን በተመለከተ፦ ሁሉም ጠዋት ላይ "እኔ በእግሬ" ይላል። ቀትር ላይ ግማሹ በቅሎ ይፈልጋል፤ ባለበቅሎው ግን የለም፣ ወደ መንደሩ ተመልሷል። ከቡድኑ መሃል አንድ ሰው እንኳ የሚጠራጠር ካለ አንዷን በቅሎ ከታች ተከራይታችሁ ውጡ። ሰው ባይቀመጥባት ውሃና ብርድ ልብስ ትሸከማለች።