የመግቢያ ሴሽንን በብዙ ሰርቨሮች መካከል እንዴት ማጋራት ይቻላል

አንድ ድረ ገጽ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሲያድግ፣ የይለፍ ቃሉን በትክክል አስገብቶ የገባ ተጠቃሚ ቀጣዩን ገጽ ሲከፍት እንደገና እንዲገባ ሊጠየቅ ይችላል። ኤችቲቲፒ፣ ማለትም አሳሹና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ በራሱ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው የሚያስታውሰው ነገር የለም። አሳሹ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የሚልከው ትንሽ መረጃ፣ ማለትም ኩኪው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የሴሽኑን (ተጠቃሚው ከገባ እስኪወጣ ያለውን ቆይታ) መለያ ብቻ ነው፤ የተጠቃሚው ማንነት የተመዘገበው ሰርቨሩ ጋር ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ ለምሳሌ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ይህን መረጃ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ በፋይል ስለሚያስቀምጠው፣ ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ጥያቄውን ወደ ሌላ ሰርቨር ሲመራው ኩኪው ቢደርስም ፋይሉ እዚያ አይገኝም።

ሎድ ባላንሰሩ አንድን ተጠቃሚ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር እንዲመራ ማድረግ ችግሩን ለጊዜው ያስታግሳል። ሆኖም ያ ሰርቨር ሲቆም በእርሱ ላይ የነበሩት ሁሉ እንደገና መግባት ስለሚኖርባቸው፣ በዚህ ብቻ መተማመንን አልመክርም።

በመጀመሪያ ሁሉም ሰርቨሮች የሚደርሱበት አንድ የጋራ ማከማቻ ያዘጋጁ። ሬዲስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር ለዚህ ይመቻል፤ መረጃውን በሜሞሪ ስለሚይዝ ፈጣን ነው፣ ለእያንዳንዱ ሴሽንም የማብቂያ ጊዜ መስጠት ይቻላል። በእያንዳንዱ ሰርቨር የፒኤችፒ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሴሽን ማስቀመጫውን ከፋይል ወደ ሬዲስ ይለውጡና የሬዲሱን አድራሻና ፖርት፣ በተለምዶ 6379፣ ያስገቡ። ማከማቻውን ማንበብ የቻለ ሰው በማንኛውም ተጠቃሚ ስም መግባት ስለሚችል፣ ፖርቱ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፍት ይሁን፣ የይለፍ ቃልም ይኑረው። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ በፋይል ሲቀመጥ ሴሽኑ በራሱ ይቆለፍ ነበር፣ በሬዲስ ግን መቆለፊያው ካልበራ ከአንድ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የሚደርሱ ሁለት ጥያቄዎች አንዱ የሌላውን ለውጥ ሊያጠፋ ይችላል። ማከማቻው በተቀየረበት ቅጽበት የገቡት ሁሉ አንድ ጊዜ ስለሚወጡ፣ ሥራውን ተጠቃሚ በሚያንስበት ሰዓት ያከናውኑት።

ቀጥሎ የሴሽኑ ስምና የመተግበሪያው ሚስጥራዊ ቁልፍ በሁሉም ሰርቨሮች ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያረጋግጡ። የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎቹ ላራቬልም ሆነ ጃንጎ በዚህ ቁልፍ ስለሚሠሩ፣ አንድ ፊደል ብትለያይ እንኳ አንዱ ሰርቨር ያስገባውን ተጠቃሚ ሌላው አይቀበለውም።

መግቢያው በአንድ ንዑስ ዶሜይን (በዋናው ዶሜይን ሥር ባለ አድራሻ)፣ ሌላው አገልግሎት በሌላ ንዑስ ዶሜይን ከሆነ የኩኪውን ዶሜይን ዋናው ዶሜይን ያድርጉት፤ ባዶ ከተተወ ኩኪው ወደ ሰጠው አድራሻ ብቻ ይመለሳል። ይህ ሲደረግ ኩኪው ለሁሉም ንዑስ ዶሜይኖች ስለሚደርስ፣ የማያምኑት አገልግሎት በአንዳቸው ላይ አይኑር። ፈጽሞ የተለያዩ ዶሜይኖች ግን ኩኪ መጋራት አይችሉም፤ ለእነርሱ እንደ ኦፕን አይዲ ኮኔክት ያለ የጋራ መግቢያ ያስፈልጋል። በሁሉም ሁኔታ ኩኪው በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲላክና ጃቫስክሪፕት እንዳያነበው ያድርጉ።

በመጨረሻ ገብተው ሳሉ ያስገባዎትን ሰርቨር ያጥፉና ገጹን ያድሱ፤ ሳይጠየቁ ከቀጠሉ መጋራቱ ሠርቷል። ከዚያ ሰርቨሩን መልሰው ያስነሱ፣ ይውጡና በቀድሞው ኩኪ ሌላውን ሰርቨር ይሞክሩ፤ ሊከለክልዎት ይገባል። በአሳሹ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ የሴሽን መለያው ገጹ በታደሰ ቁጥር የሚቀያየር ሆኖ ካገኙት፣ ከሰርቨሮቹ አንዱ ማከማቻውን እያነበበ ላይሆን ስለሚችል፣ ማዋቀሪያውን ከሌሎቹ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ።