ያገለገለ ቀለሃ ለዳግም ሙሌት ሲዘጋጅ

እዚህ ኮሎራዶ የአደን ወቅት ሲያልቅ፣ ዳግም ሞልቼ ልተኩስባቸው የ.308 ዊንቸስተር (የጠመንጃ ጥይት ዓይነት ነው) ቀለሃዎቼን ጋራዥ ውስጥ እዘረግፋለሁ። መጀመሪያ ምርመራ፤ አፉ የተሰነጠቀውን ጣሉት። አታላዩ ግን ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያበራው ቀለበት ነው። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱ፤ ጎድጎድ ካለ ሲተኮስ ሊበጠስ ይችላልና አትሳሱለት።

የተረፈውን አጽድታችሁ፣ ቅባት በስሱ ቀብታችሁ ቅርጽ መመለሻው ዳይ (ቀለሃውን ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልሰው የብረት ቅርጽ) ውስጥ አስገቡት፤ አሮጌው ፕራይመርም (ግርጌው ላይ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) አብሮ ይወጣል። ቅባት ሲበዛ ትከሻው ይሰረጉዳል፤ ሲያንስ ዳዩ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ማስለቀቁም ፍዳ ነው። ከዚያ የቀለሃውን ርዝመት በካሊፐር (በትክክል መለኪያ መሣሪያ) ለኩ፦ ከ51.18 ሚሊሜትር ያለፈውን ወደ 50.93 ቁረጡ፤ የአፉን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ሞርዱ። ቅባቱን ጥረጉ። የፕራይመር ጥላሸት የእርሳስ ብናኝ አለበት፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ የቡና ስኒ እንዳትነኩ።